ከፊቴ፣ ከጎኔና ከኋላዬ የነበሩትን ፍለጋ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

የእኛ ሰፈር ሰው ዱባይን አይቷል፣ ለሕክምና ባንኮክ ደርሷል፣ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰም አይጠፋም። ሰበታ የሄደ ግን ብትፈልጉ አታገኙም። ቡራዩን የምናውቀው በታክሲ ረዳት ጩኸት ነው። ሱሉልታን ደግሞ ወደ ጎጃም ስንሄድ በመስኮት እናየዋለን፣ ያውም እንቅልፍ ካልወሰደን። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት እዚያ መቼም ለማይደርሱ፣ ከቤታቸው ግን ሃያና ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚርቃቸው አንባቢዎች ነው።

ጌታሁን እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በአዲስ አበባ ያላንኳኳሁት በር፣ ያልጮኸብኝ ውሻ የለም። ከከተማው ወሰን ግን ለሥራ አልፌ አላውቅም፤ የእኛ ቆጣሪ እዚያ ያበቃል። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እሷ ካለፈች በኋላ ወንበር ላይ መዋል አበዛሁና የደም ግፊቴ ወጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለካችኝና «አባባ፣ ካልተንቀሳቀሱ ተኝተው ይቀራሉ» ብላ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወረዳው አዳራሽ እንድሄድ አዘዘችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ያገኘሁት ነገር ላይን ዳንስ ይባላል። እኛ «ሰልፉ» እንለዋለን። ሰው በአራት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆኖ ይቆምና ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ይዞራል። ማንም የማንንም እጅ አይዝም፣ ማንም የማንንም ፊት አያይም። ሙዚቃው ሲጀምር ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይኬድና ሩብ ዙር ተዙሮ ያው ነገር ለሚቀጥለው ግድግዳ ይደገማል። አራቱም ግድግዳዎች ድርሻቸውን ሲያገኙ እንደገና ከመጀመሪያው። ይህን ለልጄ ባስረዳት «ታዲያ ዳንሱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። እኔም አራት ዓመት ስመላለስ ጠይቄ አላውቅም፤ ግፊቴ ወርዶልኛል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በአራት ዓመት ውስጥ እርምጃውን አልቻልኩትም። ቦታዬ በግራ በኩል ጫፍ ላይ ነበር። ከፊቴ ወይዘሮ አስካለ ይቆሙ ስለነበር በመጀመሪያው ግድግዳ የእሳቸውን እግር እያየሁ እራመዳለሁ። ሩብ ስንዞር በቀኜ የነበረው ደጀኔ ከፊቴ ይሆናል፣ እሱን አያለሁ። ግማሽ ስንዞር ደግሞ ከኋላዬ የነበሩት ወይዘሮ ዘነበች ከፊቴ ይሆናሉ፣ እሳቸውን አያለሁ። በአራተኛው ግድግዳ ከፊቴ ማንም የለም። ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ። እንዲህ አድርጌ አራት ዓመት ጎበዝ ተብዬ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ለልማት ተነሳና ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ኮንዶሚኒየም ስለምኖር ቀረሁ። ሃያ ስምንት የነበርነው ዘጠኝ ሆንን። የአዳራሹ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፤ ሁለት ወር ከታገሡን በኋላ ግን «በሚመጣው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሆናችሁ ካልተገኛችሁ ሰዓቱን ለቴኳንዶ ልጆች እሰጣለሁ» አሉን። ዘጠኛችን ተሰብስበን መከርን። አስካለ ሰበታ፣ ደጀኔ ቡራዩ፣ ዘነበች ሱሉልታ ገብተዋል፤ ሦስቱ ቢመለሱ ቁጥሩ ይሞላል። ማን ይሂድ ሲባል እኔ ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «ለቡድኑ ስል ነው» አልኩ። ከፊቴ፣ ከጎኔና ከኋላዬ የነበሩትን ሳላይ መራመድ እንደማልችል አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፤ ሰበታ

ልጄ ሻንጣዬን አይታ «አባዬ፣ ሰበታ ነው ወይስ ሳውዲ?» አለችኝ። ብርድ ልብስ፣ የግፊት መድኃኒት፣ ሁለት ሹራብና ባዶ እጄን ላለመግባት ሦስት ኪሎ ብርቱካን ይዣለሁ፤ ለየቤቱ አንድ አንድ ኪሎ። በባቡር እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በታክሲ እስከ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና በሌላ ታክሲ ወደ ሰበታ ሄድኩ። ሦስተኛው ታክሲ ውስጥ ሰዎች ብድግ ብድግ ሲሉ እኔም ሰበታ የደረስን መስሎኝ ወረድኩ። ዓለም ገና ነበር።

ስህተቴን ያወቅኩት ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው። እሱን ልጠራ ስዞር የብርቱካኑ ፌስታል ተቀደደና ብርቱካኖቹ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ተንከባለሉ። አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ሸንኮራዋን ጥላ ሮጠች። ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች መንገዱን በክንዳቸው ዘግተው መኪና አቆሙ። አንዱን ብርቱካን ከቦይ አውጥተው በውሃ አጥበው ሰጡኝ። ከሁለት በስተቀር ሁሉም ተመለሱልኝ። እኛ ጋ ቢሆን የሚመለሱልኝ ሁለቱ ነበሩ።

ወይዘሮ አስካለ ሰበታ ዋናው መንገድ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ጠበቁኝ። ከእኔ በስድስት ዓመት ይበልጣሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ አሁን ወንድ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አወዛወዙ፤ እኔ ግን ወዲያው አላወቅኳቸውም። የማውቀው ማጅራታቸውን ነው። ዞር ብለው ወደ ቤት ሲመሩኝ ነው እሳቸው መሆናቸውን ያረጋገጥኩት።

«ቤት ለእንቦሳ» ብዬ ገባሁ፤ «እንቦሳ እሰሩ» ተባልኩ። ምራታቸው ጎመን በሥጋ አቀረበችልኝ። በቃኝ ባልኩ ቁጥር «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» እያለች ሦስት ጊዜ አስጨመረችኝ። የእኔ ግፊት ከቅባት ጋር ያለውን ጠብ ላስረዳት ብጀምር አስካለ «ተወው፣ ዛሬ ዳንስ ያወርደዋል» አሉ። ያኔ ነው ሰበታም ሰልፍ እንዳለ የሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ወሰዱኝ። ቦታው የእድር አዳራሽ ነው። መሐሉ ላይ ጣሪያውን የያዙ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል። በአንዱ ግድግዳ የእድሩ ድስትና ወንበር ተቆልሏል። በሌላው በኩል በሩ ሰፊ ስለሆነ ወደዚያ ከዞሩ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ሰበታዎች የሚጨፍሩት ለሁለት ግድግዳ ብቻ ነው። ምሰሶው ፊት የደረሰ ሰው ምሰሶውን በአክብሮት ዞሮት ሰልፉን ይቀላቀላል። እኛ ጋ አዳራሹ አራት ግድግዳ፣ ሰፊ ወለልና መስታወት አለው፤ ሰው ነው የጎደለው። እዚህ አሥራ ዘጠኝ ሴቶችና ሁለት ወንዶች ተጋፍተው ይስቃሉ።

አስካለ ከፊት ቆመው አስጀመሩ። እኔ ከኋላቸው የድሮ ቦታዬን ያዝኩና እግራቸውን እያየሁ ተመቸኝ። ዘፈኑ ሳያልቅ ግን ቆም አሉ።

«ጌታሁን፣ አንተ ነበርክ ለካ።»

«ምኑ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ የሚጎተት እግር ይሰማኝ ነበር። ሦስት እርምጃ ከሄድክ በኋላ እግርህን ነካ ታደርጋለህ እንጂ ወለሉን አትፍቅም። ና እስቲ።»

ሴቶቹ ሁሉ እያዩ መምህርት አስካለ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብቻዬን አቁመው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ነካ» አስባሉኝ። እግሬ ግን ጎተት ማድረጉን አልተወም። በስድሳ አራት ዓመቴ ሰበታ ድረስ ሄጄ ተማሪ ሆንኩ።

ማታ እራት ላይ ጉዳዬን አወጣሁ። አስካለ በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አሉኝ። ሦስት ሰዓት ከሩብ አልኳቸው። «ቅዳሜ በሌሊት ተነሥቼ፣ ሦስት ሰዓት ሄጄ፣ አንድ ሰዓት ጨፍሬ፣ ሦስት ሰዓት ተመልሼ? ይህ ዳንስ አይደለም፣ ሱባኤ ነው።» አሥራ አንድ ብርቱካን ሰጥቻቸው ሳሎን በተነጠፈልኝ ፍራሽ ላይ ተኛሁ።

ረቡዕ፤ ቡራዩ

ሰበታና ቡራዩ በካርታ ጎረቤት ናቸው። ታክሲ ግን ካርታ አያይም። ከሰበታ ቡራዩ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ገብቶ እንደገና መውጣት አለበት። እኔም በዓለም ገና አልፌ (አልወረድኩም)፣ በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች፣ በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ባለፍኩበት ሁሉ ቤቴ ገብቼ አረፍ ብል ማን ያየኛል የሚል ሐሳብ ተፈታተነኝ።

ደጀኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የዕድሜ እኩያዬ ነው። በሰልፉ ውስጥ ከሁሉም ድምፁ የጎላ፣ ዘፈኑን አብሮ የሚዘፍን ሰው ነበር። ቡራዩ ላይ ያገኘሁት ደጀኔ ግን ሌላ ነው። ኮት ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ከጎረቤቱ ከኦቦ ቱፋ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሁለት ሰዎችን የአጥር ጠብ ይሸመግላል። ገና ሰላም ስለው ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ።

«ይሄ ጌታሁን ነው፣ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ» አላቸው።

ኦቦ ቱፋ ከተቀመጡበት ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ሰባዎቹን ያለፉ፣ በግብርና የኖሩ፣ ለአካባቢው ነባር ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ? እንኳን ደህና መጡ። እናንተም ሾፌር ነበራችሁ?» አሉኝ።

«አይ፣ ቆጣሪ አንባቢ» አልኩ።

«ቆጣሪ የሚነበበው በጭነት መኪና ነበር?» አሉ። ደጀኔ ሳል ያዘው።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ጉዳዩ ተገለጠልኝ። እዚህ ሲመጣ የእድሩ ሰዎች ረጋ ያለ ሰው ብለው ሊቀመንበር መርጠውታል። ሽማግሌ ሆኗል። ዳንስ እንደሚወድ ቢያውቁ ማን ይሰማኛል ብሎ ስለ ሰልፉ ትንፍሽ አላለም። «እባክህ አደራ፣ እዚህ ስሜ ተከብሯል» አለኝ። አደራውን ተቀበልኩ። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ባለቤቱ «የጾም ሆነብኝ» እያለች ይቅርታ ጠይቃ ሽሮና የተልባ ፍትፍት አቀረበች። ከሰበታው ጎመን በሥጋ በኋላ ጾሙ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያዘዘችው ይመስል ነበር።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ደጀኔ «ጎመኔን ላጠጣ» ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔም ላግዘው ተከተልኩት። ውሃ ማጠጫውን ይዞ በጎመኑ መደብ መካከል ሦስት ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ግራ ይራመዳል። ሩብ ዞረና ቀጣዩን መደብ አጠጣ። ዘፈኑን በአፍንጫው ያዜማል። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከጎኑ ቆምኩና ሁለት ሽማግሌዎች ጎመን ማሳ ውስጥ ሰልፍ ገባን። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ደጀኔ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በላይ መጣ። ኦቦ ቱፋ ክንዳቸውን አጥሩ ላይ አሳርፈው ያዩናል።

ደጀኔ ደርቆ ቀረ። «ኦቦ ቱፋ፣ ይሄ... ለወገብ ነው። ሐኪም ያዘዘኝ።»

«እኔ ምን አልኩ? ዛሬ እንግዳውም ስለገባበት ልጠይቅ ብዬ ነው። ከመጣህ ጀምሮ በየማታው እናይሃለን። የዚያ ማዶ ሰዎችም ያዩሃል። ልጆቹማ እንደ ሰዓት ይቆጥሩሃል፤ ‹ጎመን ጠጣ› ሲባል አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ተደብቀህ የምታደርገውን እኛ እንዴት እንንገርህ? ነውር አይደለም?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «የእኔም ወገብ ግን ደህና አይደለም። ወገብ ነው ያልከው?»

ስለዚህ ቡራዩ ለአምስት ወር አንድን ሰው እንዳያፍር ብሎ ዝም ሲለው፣ ያ ሰው ደግሞ እንዳይታወቅበት ሲጠነቀቅ ኖሯል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጎመን መደብ ነው። እኔ ያን ዕለት ማታ በሁለቱም ላይ ብዙ ሳቅሁ። ሳቄ ሁለት ቀን አልቆየም።

ደጀኔን ቅዳሜ እንዲመጣ ስጠይቀው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቱፋንና እነዚያን ሁለት ባለ አጥሮች ሰልፉን ላስጀምር ቃል ገባሁ። አብረው ከተራመዱ ይታረቃሉ ይላሉ ኦቦ ቱፋ።» ምስጢሩን ያጋለጥኩት እኔ ነኝና የማዝንበት ሰው አልነበረኝም። ኦቦ ቱፋ ጠዋት በጨርቅ የተጠቀለለ ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ይዘው መጥተው «ለመንገድ» ብለው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱልኝ። እኔም አንድ ኪሎ ብርቱካኑን ለሁለት ቤት አካፈልኩ። «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑኝ።

ሐሙስ፤ ሱሉልታ

እንደገና አዲስ አበባ ገባሁ፣ በዊንጌት በኩል አዲሱ ገበያ ደረስኩ፣ ከዚያ የሱሉልታን ሚኒባስ ያዝኩ። መኪናው የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ወዲያ ማዶ ሲወርድ ብርዱ ተለየ። እኛ ጋ ብርድ ማለት ጠዋት ጠዋት የሚያልፍ ነገር ነው። እዚህ ነዋሪ ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ከእህታቸው ጋር ይኖራሉ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱት ከእኔ ባለቤት አንድ ዓመት ቀድመው ነው። በሰልፉ አራት ዓመት ከኋላዬ ሲቆሙ «እንዴት አደሩ»ና «ደህና ይዋሉ» ከመባባል አልፈን አናውቅም፤ በዝናብ ቀን ግን እስከ ሰፈራችን ማዕዘን በጃንጥላቸው ሥር ይወስዱኝ ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ «ሱሉልታ ገባሁ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። አምስት ወር ቁጥሩን እያየሁ አልደወልኩም። ምን ብዬ?

ምሳ እህታቸው ቤት በላን፤ የሱሉልታ ድንችና ወተት ነበር። የደጀኔን ጎመን ሳወራ ዘነበች ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ስለ ሁሉም አወራን። እንግዲህ ጉዳዬን ላንሣ ስል እህታቸው ትገባለች፣ ወተት ትቀዳለች። በዚያ ላይ ዘነበች «እዚህም ሰልፍ አስጀምሬያለሁ፤ አርባ ሰው ሆነናል፣ ነገ ጠዋት ያዩታል» አሉኝ። አርባ ሰው ያላትን ሴት ዘጠኝ ሰው ዘንድ ነይ ማለት ከበደኝ። ነገን ልጠብቅ አልኩ።

ባል የሌላቸው ሁለት እህትማማቾች ቤት ማደር ስለማይሆን ዘነበች ፔንሲዮን ፈልገው አስገቡኝ። ፔንሲዮኑ የሯጮች ነው። ኮሪደሩን ጫማ ሞልቶታል፤ የሁሉም ሰው እግር ቀጭን ነው፤ እራት ሩዝ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ባለቤቲቱ ብርድ ልብሴን አይታ ሳቀችና ሁለት ጋቢ ጨመረችልኝ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሯጭ በአክብሮት «አባባ፣ እርስዎ ስንት ነው የሚሮጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አራት ግድግዳ» አልኳት። አዲስ ርቀት የወጣ ሳይመስላት አልቀረም።

ዓርብ፤ ሜዳው

ሯጮቹ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲነሡ እኔም ተነሣሁ፤ በዚያ የጫማ ድምፅ የሚተኛ የለም። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሜዳው ደረስኩ። አርባዎቹ በአምስት ረድፍ ቆመዋል፤ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የወጡ ሰዎች፣ ሁለት ቄስ ደግሞ ዳር ቆመው «እኛ ለማየት ነው» ይላሉ። ሜዳ ላይ ግድግዳ ስለሌለ አቅጣጫዎቹን ሰይመዋቸዋል፤ ወደ ተራራው፣ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ገበያው። ዘነበች ከፊት ሆነው በአንድ ጊዜ በሁለት ቋንቋ ያዛሉ።

«ወደ ተራራው! ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ ጎተት!»

አርባ እግር በአንድ ጊዜ ሣሩን ፋቀ። ሰበታ ላይ በሰው ፊት የተገሠጽኩበት ጉተታ ነው። ወደ አስፋልቱ ዞሩ፣ ጎተቱ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞሩ፣ ጎተቱ። ከዚያ ወደ ገበያው ዞሩና አርባውም ሰው በአንድነት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ነካ፣ ቀጥ አለ፣ ቀጠለ።

እንደዚያን ጊዜ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ሲጨርሱ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡ። «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጉተታውን ከየት አመጡት?»

«ከእርስዎ ነዋ። አራት ዓመት ከኋላዎ ቆሜ እግርዎን እያየሁ ነው የተማርኩት። እኔ እኮ እርምጃውን አልችለውም ነበር።»

«እኔ ደግሞ ስንዞር የእርስዎን እያየሁ ነው ጉተታው ልክ ነው ያልኩት» አልኳቸው።

ቆመን ወደ ኋላ ቆጠርነው። አንድ ክረምት ጉልበቴን አሞኝ ቀኝ እግሬን እጎትት ነበር። እሳቸው እርምጃው ነው ብለው ያዙት። ጉልበቴ ሲድን እኔ በሦስተኛው ግድግዳ እሳቸውን አይቼ «ለካ መጎተት አለበት» ብዬ ቀጠልኩ። እንዲህ ተደጋግፈን ሁለታችንም የማናውቀውን ነገር ለአርባ ሰው አስተማርን።

«ጎንበስ ማለቱስ?» አልኩ፤ መጠየቁ ራሱ ከበደኝ።

«መጀመሪያ እርምጃ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጫማዎ ክር እንደሌለው አየሁ።»

«አውቀው ነው ያስተማሯቸው?»

«ለወገብ ጥሩ ነው» አሉ ዘነበች፤ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እንዳልናገር ያደረገኝ ይሉኝታ ነው። አርባ ሰው ቆሞ ያያል፤ ሴቲቱ እዚህ ተከብራለች፤ አንድ ግራ የገባው ባለ ሻንጣ መጥቶ «አዳራሻችን እንዳይወሰድብን ኑልን» ሊላት ነው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝንብ አልገባም፤ ቃልም አልወጣም። «ልይዎት ብዬ ነው የመጣሁት፤ እንግዲህ ልሂድ» አልኩና ሻንጣዬን አነሣሁ።

ዘነበች እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። የቀረኝን ብርቱካን ሰጠኋቸው። እሳቸው የተቀቀለ ድንች በፌስታል ሰጡኝ። ከኋላ ወንበር መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ከእኔ ቀጥሎ ሦስት ሰው ተጨናንቆ ገባ፣ መተላለፊያው ላይ የድንች ጆንያ ተጣለ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋ። ዘነበች በመስኮቱ ጠጋ አሉ።

«እንዲሁ ይሄዳሉ?» አሉኝ። «ሰበታና ቡራዩ ለምን እንደሄዱ አስካለ ማክሰኞ ማታ ደውለው ነግረውኛል። እኔን መቼ ይጠይቁኛል ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስጠብቅ ነበር። ቢጠይቁኝ እመጣ ነበር እኮ። የእኛ ሰልፍ ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ቅዳሜን ማን ያዘብኝ?»

መኪናው ተነሣ። ወፍጮ ቤቱን አለፍን። በደጀኔና በኦቦ ቱፋ ላይ የሳቅሁት ሳቅ ወደ እኔው ዞረ።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

«አባባ፣ ገና አሁን ተነሣን እኮ» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አለ!»

ሦስቱ ሰዎች እያጉረመረሙ ተነሡ። አንዷ ሕፃኗን ለጎረቤቷ አቀበለች። ጆንያውን ረግጬ፣ የሰው እግር ረግጬ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ወረድኩ። ሻንጣዬን ረዳቱ በመስኮት ወረወረልኝ። ዘነበች ዞረው ወደ ቤታቸው መሄድ ጀምረዋል። ነጠላቸውንና ጀርባቸውን አየሁ። ደርሼ ከኋላቸው መራመድ እችል ነበር፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ቆምኩና በስማቸው ተጣራሁ።

ዞሩ። ፊት ለፊት ቆምን።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸው።

«ለቁጥሩ ነው?»

«ለእኔ ነው» አልኩ።

ቅዳሜ ከዘነበች ጋር አሥር ሆነን ተገኘን። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ቆጠሩንና አዳራሹን ለቴኳንዶ ልጆች ሰጡ። ልክ ናቸው፣ አሥራ ሁለት አልሞላንም።